ዜና ሕሩይ፦ የወይዘሮ አልጣሽን በቅሎ ወደ ተራዋ ስለ መመለሳቸው

ወኮነ በዘመነ ማርቆስ፣ የበቅሎ ተራ የሚያወጣው ፕሮግራም በደባርቅ በነገሠ በአራተኛው ወር፣ መብራት በሳምንት አራት ቀን በቆየበት በታኅሣሥ፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ዓቃቤ ላፕቶፕ፣ የኮምፒውተርን ምሥጢር ያለ መምህር የዘለቁት ሊቀ ኮድ ሕሩይን ታላቅ ጭንቅ አገኛቸው።

ጭንቁም እንዲህ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች እንግዳ ሲወጣ የማን በቅሎ እንደምትጭን በማኅበሩ ሊቀ መንበር በአቶ ቢራራ ስልክ ላይ በየማለዳው ስም የሚያወጣው ፕሮግራም የእርሳቸው ሥራ ነበረና፣ ኀዘንተኛም አርባው ሳይወጣ አይጠራምና፣ ይህንኑ ሕግ አስገብተውበት ነበር። የወይዘሮ አልጣሽ ባል ሀብተ ሚካኤል በመስከረም አርፈው፣ በጥቅምት አርባቸው ወጥቶ፣ ተዝካራቸው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ኅዳር ሙሉ የወይዘሮዋ ስም አልተጠራም። እርሳቸውም በሕሩይ ደጅ ቆመው አዋጅ ነገሩ፦ «እስከ ቅዳሜ ካልተጠራሁ በቅሎዬን ገበያ አወጣለሁ፤ እሷ ከሄደች ልጆቼን በምን ላሳድር? ሰው ቢሆን በሽማግሌ በለመንሁት፤ ስልክ ምን ይባላል!»

ሕሩይም ኮድ የሚጽፍላቸውን ሥጋ የለሽ ረዳት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ አርም አሉት። እርሱም «ተስተካክሏል!» ብሎ አወጀ። በማግስቱ ስማቸው የለም። ሁለተኛም «አሁን ፍጹም ተስተካክሏል!» ብሎ አወጀ፤ ወይ ፍንክች! ሦስተኛም ይቅርታ ጠይቆ ያንኑ አወጀ። አይ አፍ! ለካ ፕሮግራሙ ሲሄድ አይቶት አያውቅም፤ ሁሉን በግምት ነበር።

ዓርብ ጧት ሕሩይ ለዘመቻ ተነሡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ፣ በፕላስተር የታሰረ ቻርጀር፣ አቶ ቢራራ ከነዱላቸው፣ ኮድ ባያውቁም ምክር የማይነፍጉ አሥራ አንድ በቅሎ ጫኞች፣ ማንም ያልጠራት አንዲት በቅሎም በበሩ አንገቷን አስግጋ። አቶ ቢራራም «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ!» ብለው አወጁ።

ሕሩይም ከኢንተርኔት ስሕተት ማሰሻ መሣሪያ አወረዱ። ግብሩም ፕሮግራሙን በየመስመሩ እያስቆመ በዚያች ቅጽበት የያዘውን ቁጥር ለረዳቱ ማሳየት፣ ለግምቱም ልጓም ማግባት ነው። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ቆመ፤ ተገለጠም፦ ለወይዘሮ አልጣሽ የቀረው ኀዘን፣ አርባ ቀን። በዛሬ ፈንታ የትናንቱን ቀን ሰጡት፣ አርባ። የኅዳር ሚካኤልን ሰጡት፣ አሁንም አርባ! ወዮ፣ ፕሮግራሙ አርባውን ከሟቹ ዕረፍት ቀን ሳይሆን ከዛሬ ሲቆጥር ኖሯል፤ ሀብተ ሚካኤልም በየማለዳው እንደ አዲስ ሲሞቱ ከርመዋል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሐሰት አይጽፍምና፣ ረዳቱ የጻፋትን ያችን መስመር ሕሩይ ሳያነቡ እንዳጸደቋት እዚህ ይመዝገብ። አፈሩም፤ አፍረውም መስመሯን በእጃቸው አረሟት።

ቅዳሜ ማለዳ ወይዘሮ አልጣሽ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ወደ ገበያ ሲያቀኑ፣ አቶ ቢራራ ስልካቸውን ከፍ አድርገው «ተረኛ፣ አልጣሽ!» ብለው አወጁ። ጫኞቹ ሁሉ በጭብጨባ አገሩን አደበላለቁት። ወይዘሮ አልጣሽ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ግን አላጨበጨቡም። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አወጁ፦ «እኔ ባሌን አንድ ጊዜ ቀበርሁት፤ እናንተ ስንት ጊዜ ቀበራችሁት! አሁንስ ይረፍ።» በቅሎዋንም አዙረው፣ የእንግዳ ጓዝ ጭነው ወደ ተራራው፣ ወደ ቡይት ራስ ወጡ።

ስለዚህ ለሊቀ ኮድ ሕሩይ፣ ለድል አድራጊው፣ ግምትን በልጓም ለገቱት፣ በየማለዳው የሚሞተውን ሰው ላሳረፉት፣ ከደባርቅ እስከ አምባራስ ክብር ይግባቸው፤ ሳያነቡ ከማጽደቅም ይሰውራቸው።