ክብርት ወይዘሮ ቶሎ በሉ

ቁጭ ማለት የማይሆንላት አክስት የሌለው ቤተሰብ በዚህ ምድር ላይ የለም። የኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማዕረጓም ክብርት ወይዘሮ ቶሎ በሉ ነው። ደንበኛው በሩን ሳያልፍ ወገቡን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ምሳ የምትበላው ቆማ ነው። እኛ ስኳራችንን ስናማስል እሷ ሻይዋን ጠጥታ ብርጭቆውን አጥባ ተመልሳለች።

እንዲህ ስትሮጥ ከሳች፤ «ሥራ ነው» አልን። በብርድ አላባት፤ «ጉልበት ነው» አልን። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅታት ደግሞ ቤተሰቡ ተመካክሮ መነጽር ገዛላት። የሚንቀጠቀጠው እጇ እንጂ ዓይኗ አይደለም ያለ አንድም ጠቢብ አልነበረም። መነጽሩ ስላልረዳት ክር ማስገባቱ ለኔ ተረፈ። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ሱቋ ጎራ እላለሁ፤ እሷም «ቶሎ በል እንጂ፣ መርፌው ሳይዝግ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ልቧ ከስፌት መኪናዋ ብሶ ሲጋልብ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ለካ የአንገቷ ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ከልክ በላይ እየሠራ ኖሯል። ዕጢውን የሚያበርድ ኪኒን ተሰጣት፤ ኪኒኑ ግን ነጭ የደም ሴሎቿን ጨረሰባትና ተከለከለች።

«ዕጢው በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት» አለች ሐኪሟ። «ግን ልቧ እንዲህ እየጋለበ ብናደነዝዛት ላትነቃ ትችላለች። መጀመሪያ በሌላ መንገድ እናረጋጋት።»



ደሟን እየቀዳ፣ የዕጢው ሆርሞን የበዛበትን ፈሳሽ በሌላ እየተካ የሚመልስ ማሽን አጠገብ አስተኟት። ክብርት ወይዘሮ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ገረመመችው።

«የኔ ልጅ» አለችው ባለሙያውን፣ «ይሄ ነገር ፔዳል የለውም? ልርገጥልህ።»

ማሽኑ በራሱ ፍጥነት ሠራ። ልቧ ረገበ፤ ዕጢውም በሰላም ወጣ። ዛሬ ዕጢውን የሚተካ ኪኒን በየጠዋቱ ትውጣለች፤ ያው ቆማ።

ሱቋን መልሳ የከፈተች ዕለት እንደ ልማዴ ጎራ አልኩ። እጇ ጸጥ ብሏል፤ ክሩንም ራሷ አስገብታዋለች። ያን ሁሉ ጊዜ ያማረርኩበትን ሥራ ስነጠቅ ሆድ ባሰኝ። ወደ ደንበኛዋ ዞር ስትል ክሩን ከመርፌው መዘዝኩት።

«አክስቴ፣ መርፌው ክር የለውም።»

መርፌውን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ወንበሩን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«ታዲያ ቶሎ በላ» አለችኝ።