ሚስት ልንጠይቅ ሄደን ስለ ጠፈር መርከብ ተጠየቅን

ሂስ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ ነው የሚሉ ሊቃውንት ያስቁኛል። እነዚህ ሰዎች ከሰርግ መልስ ከእኛ ጋር በእግር ተጉዘው አያውቁም ማለት ነው። ገና የደጋሹን አጥር አልፈን መንገዱን እንደያዝን፣ ወጡ ጨው እንዳነሰው፣ ጠላው ሳይደርስ እንደተቀዳ፣ የሙሽራው ሱሪ እንዳጠረ፣ ዘፋኙም እንደታመመ በሬ እንዳጓራ አንድ በአንድ አበጥረን፣ አንጓለን፣ ሰፈራችን ስንደርስ ምርቱ ከገለባው ተለይቶ ያልቃል። ከዚህ በላይ ሂስ ከየት ይምጣ? ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ መስማት የለበትም። ፊት ለፊትማ «እሰይ፣ ድንቅ ድግስ ነበር፣ ያብዛላችሁ» ነው። እናንተም ብትሆኑ እኔ እንዲህ አላደርግም ብላችሁ እንዳትምሉ። አብረን ነበርን።

እኔ ታዲያ በወረታ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከማስተማሩ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ተከታታይ ፊልም አያለሁ። ያየሁትንም ዝም ብዬ አላሳልፈውም፣ ስልክ ላይ ባለችኝ ትንሽ ገጽ አስተያየት እጽፍበታለሁ። ገጿ በስሜ ነች። አንባቢዎቼ ተማሪዎቼና ሌላ ሥራ የሌላቸው ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው ብዬ ስለማምን፣ አጥር ካለፈ ሰው በላይ ነጻ ሆኜ ነው የምጽፈው።

በዚያ ሰሞን የጻፍኩት ስለ «ከጨረቃ ወዲያ» ነበር። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓለማቸው ደርቆ የጠፋባቸው ሰዎች በአንዲት ግዙፍ መርከብ ተጭነው የሚሰፍሩበት መሬት ፍለጋ ጠፈር ለጠፈር ይንከራተታሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ፊልሙ ሲጀመር እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ገና አልደረሱም?» ትለኛለች። በአማርኛ ተተርጉሞ በዲሽ መምጣት ከጀመረ ወዲህማ ወረታ ውስጥ የመርከቢቱን አዛዥ ስም የማያውቅ ባጃጅ ነጂ ብትፈልጉ አታገኙም። ያን ጊዜ ያለቀው አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ነበር። እኔም ጽፌ፣ ልቤ ቀሎኝ፣ ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ ጌታሰው ልምጣ። ጌታሰው የአክስቴ ልጅ ነው፤ የከብት ሐኪም። የፎገራን ላሞች ከነባሕርያቸው ያውቃቸዋል፣ እነሱም የሞተር ብስክሌቱን ድምፅ ያውቁታል ይባላል። ይህ ሰው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደ፤ ልጅቱም ወደደችው። የቀረው አባትየው ነበሩ። አቶ ድንበሩ ከከተማው ዳር የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው፣ ቃላቸው እንደ ወፍጯቸው ድንጋይ የከበደ ሰው ናቸው። ቀደም ብሎ ሌላ ሰው የላካቸውን ሽማግሌዎች «ልጄን አታውቋትም፣ ልጃችሁንም አታውቁትም» ብለው በመጡበት መልሰዋቸዋል። ይህን የሰማው ጌታሰው እህል አልበላ አለ። ላሞቹን እያከመ እሱ ከሳ።

ስለዚህ ሦስት ሆነን ተላክን። መሪጌታ ፈንታሁን የድጓ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸው ገደል የሚያስደግም፣ አንደበታቸውም ድንጋይ የሚያለዝብ። አያ ሙጬ ገበሬ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፣ ግን ሪዛቸው ብቻውን ግማሽ ሽምግልና ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ለምን እንደተመረጥኩ ብትጠይቁኝ፣ ጌታሰው «አንተ አማርኛ ትችላለህ» አለኝ። እኔም አመንኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን። ከአቶ ድንበሩ ግቢ ስንደርስ የመፈልፈያው ቤት ዝግ ነው፤ የሩዝ ገለባው ጎን ለጎን ተቆልሏል። በትልቁ የብረት በር ላይ ግን አንድ ነገር አየሁና ቆምኩ። ሰማያዊ ቀለም፣ ከዋክብት፣ ከመካከላቸው ክንፍ ያላት መርከብ። ከሥሯም በደማቅ ቢጫ፦ «ከጨረቃ ወዲያ የሩዝ መፈልፈያ»።

«መሪጌታ፣ ገባን!» አልኩ በሹክሹክታ። «የእኚህን ሰው ልብ የሚከፍተውን ቁልፍ አገኘሁት።»

«የምን ቁልፍ ነው ልጄ፣ በሩ ክፍት ነው እኮ» አሉኝ መሪጌታ።

ገባን። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ በድጋሚ እየታየ ነው። አቶ ድንበሩ ብድግ ብለው ተቀበሉን፣ ድምፁንም አጠፉት፤ ምስሉን ግን አላጠፉትም። ተቀመጡ ቢሉን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን እንደ ደንቡ ቆምን። መሪጌታ ጀመሩ። ከአዳምና ከሔዋን ተነሥተው፣ በአብርሃም በኩል አልፈው፣ ጌታሰው ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ ጨዋነቱን፣ ትጋቱን፣ ዘሩን ዘርዝረው «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል» ብለው አሳረጉ። እኔ ብሆን በዚያች ደቂቃ ሁለት ልጅ እሰጥ ነበር።

አቶ ድንበሩ ግን ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

«አንተ መምህር ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ይህችን መርከብ ታያታለህ?»

«አንድም ቀን አምልጣኝ አታውቅም።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ይህ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንዴት ነው?»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። በሩ ላይ ያየኋት መርከብ ትዝ አለችኝ፤ የጌታሰው የከሳ ፊት ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እኔ ልናገረው ሌላ ሰው ይናገረው አላውቅም። ከአሥራ አንዱ ምዕራፎች ይህን የሚስተካከል የለም አልኩ። ታሪኩ እንደ ርብ ወንዝ ይፈሳል አልኩ። አንዱም ክፍል አያሰለችም፣ መጨረሻው አጥንት ይሰብራል፣ የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ አልኩ። መሪጌታ እንኳ ተገርመው አዩኝ።

«ትርንጎ!» አሉ አቶ ድንበሩ። «ስልኬን አምጪልኝ፣ ያን የምታነቢልኝን ነገር ክፈቺና።»

ትርንጎ ስልኩን ይዛ ገባች። አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ግን አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጉድጓድ ዳር የቆመ ዕውር የምታይ ሰው አስተያየት ነበር። አቶ ድንበሩ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ቀስ እያሉ አነበቡ፦

«አሥራ አንደኛው ምዕራፍ የገደል ማሚቶ ነው፤ ያለፈውን ይደግማል እንጂ የራሱ ድምፅ የለውም። ስንት ዘመን ስትጓዝ የኖረች መርከብ መሬት ባገኘች ማግስት ጥላ ትሄዳለች። ከሁሉ የባሰው ሐኪሙ ነው። የገዛ ድግሱን ጥሎ የማያውቃትን የጠላት ሴት ላዋልድ ብሎ በትንሿ ጀልባ ይበራል። እንዲህ ያለ ሰው እንኳን በጠፈር በምድርም አልተፈጠረም።»

ስሜን ሲያነቡማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉት።

አያ ሙጬ ሪዛቸውን ዳበሱ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ መርከቢቱ ድምፅ ሳታሰማ ተንሳፈፈች፤ እዚያ ውስጥ በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ።

«እንግዲህ፣» አሉ አቶ ድንበሩ፣ «ሁለት አፍ ያለው ሰው አምጥታችሁብኛል። ስለ ልጃችሁ ያላችሁኝስ ከየትኛው አፍ ነው? ከአጥር ውስጡ ነው ወይስ ከአጥር ውጭው?»

ጌታሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያይ ታየኝ። ያን ጊዜ መሪጌታ ፈንታሁን በትረ ሙሴያቸውን ወለሉ ላይ አንዴ አንኳኩ።

«አቶ ድንበሩ፣ ይህ ሰው ዋሽቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ግን ለሆዱ ብሎ አይደለም፣ ለወንድሙ ብሎ ነው። እርስዎም አውቀው ነው የጠየቁት፤ ወጥመድ ያጠመደ ሰው ሚዳቋዋ ገባች ብሎ አይቆጣም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ልጄ፣ አሁን እውነቱን ተናገር። ስለ መርከቢቱም፣ ስለ ልጁም። ስለ መርከቢቱ ብትስት ማንም አይጎዳም። ስለ ልጁ ግን ተጠንቀቅ።»

ተናገርኩ። ከመርከቢቱ ጀመርኩ፤ እሱ ይቀል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እንቅልፍ እንዳመጡብኝ፣ አዛዧ ያለ ምክንያት ቁጡ እንደሆነች፣ ሞተ ብለን ያለቀስንለት ሰው መመለሱ እንባችንን እንደመስረቅ እንደሆነ ተናገርኩ። ዓይኑ የጠፋው አሮጌ መሪ የመርከቢቱን ግድግዳ እየዳሰሰ መንገድ ያሳየበት ክፍል ላይ ግን እውነቴን አለቀስኩ አልኩ። አቶ ድንበሩ ቀስ በቀስ ወደ ወንበራቸው ጫፍ ተጠጉ።

«መሬቱንስ?» አሉ። «መሬቱን ጥለው የሄዱት ለምንድን ነው? ንገረኝ!»

«ውሃ ስለተኛበት።»

«ውሃ ስለተኛበት!» ጭናቸውን መቱ። «መሪጌታ፣ ይስሙልኝ እስቲ! አባቴ ረግረግ ነው ብሎ የተወው መሬት ላይ ሩዝ ዘርቼ ነው እኔ ይህን ቤት የሠራሁት። እነዚህ ከዋክብት አቋርጠው የመጡ ሰዎች ግን ውሃ አዩና ፈረጠጡ! አንድ የፎገራ ገበሬ አሳፍረው ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። የግቢዬን በር የቀባሁት በደጉ ጊዜ ነው፤ ዘንድሮማ ላስፍቀው ነበር።»

አያ ሙጬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ውሃው ይሸሻል ወይስ ይከርማል?»

«ይሸሻል እንጂ!»

«ታዲያ ሞኞች ናቸው» አሉና አያ ሙጬ ተቀመጡ። እኛም ሳናስበው ተቀመጥን።

«ስለ ልጁስ?» አሉኝ አቶ ድንበሩ።

እንግዲህ አንዴ ተጀምሯል። ጌታሰው ጨዋ ነው አልኩ፤ ግን በቀጠረው ሰዓት ደርሶ አያውቅም። ልብሱ በረት በረት ይሸታል። ማዕድ ላይ ስልኩ ከጠራ ጉርሻውን አስቀምጦ ይነሣል። «ከሁሉ የባሰው፣» አልኩ፣ «የእኔ ሰርግ ላይ ሚዜዬ ነበር። ሙሽራዋን ልናመጣ ስንነሣ አንዲት ባልቴት ላሟ አምጣ ጥጃው እንደተጋደመባት አስደወለች። አያውቃትም። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሲመለስ እስከ ወገቡ ጭቃ ነበር፤ የሰርጌ ፎቶ ላይ ዛሬም እንደዚያው ቆሟል።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ወይዘሮ እናንዬ፣ የትርንጎ እናት፣ መሶቡን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «ጥጃውስ?»

«ደኅና ወጣ፣ እትዬ።»

«ላሟስ?»

«እሷም ተረፈች።»

መሶቡን አስቀመጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «እንዲህ ያለ ሰው በምድር አልተፈጠረም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ? ከገዛ ሰርግህ ላይ ብድግ ብሎ ሲሄድ እያየህ? እኔ ያን ሐኪም ሳየው ጊዜ እንባዬ ነው የወረደ! ከምዕራፉ ሁሉ እሱ ይበልጣል። እናንተ ወንዶች መሬቱ፣ ውሃው፣ መርከቡ ትላላችሁ፤ ሰውየውን የምታዩት መቼ ነው?»

የጻፍኩትን ሁሉ አስተያየት በአንድ ጥጃ አፈረሱት።

አቶ ድንበሩ ግን ገና አልተረቱም። «እና በልጄ ሰርግ ቀን ላም ብታምጥስ?»

«ይሂድ!» አሉ ወይዘሮ እናንዬ። «ሐኪሙ ኋላ ተመልሶ መጣ አይደለም?»

ከጓዳ በኩል የትርንጎ ድምፅ መጣ፤ ደንቡ እንዲህ ባለ ቀን ልጅት እንድትናገር አይፈቅድም፣ ቢሆንም መጣ።

«እኔ ቦቲ ጫማውን ይዤለት እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ያ ድጓ የለመደ ድምፅ ሲስቅ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ቀጥለው አያ ሙጬ፣ ቀጥለን ሁላችን። አቶ ድንበሩ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሊሸፍኑ ሞክረው አቃታቸው።

ያም ሆኖ ደንብ ደንብ ነውና ሴት ልጅ በአንድ ቀን ደጅ ጥናት አትሰጥም። «ዘመድ ላማክር፤ ደግማችሁ ኑ» አሉን። በላን፣ ጠጣን፣ ተመርቀን ወጣን። በመንገድ ላይ ስለ ድግሱ አንድም ክፉ ነገር አልተናገርንም፤ ጊዜም አልነበረን። አያ ሙጬ መርከቢቱ ከየት እንደተነሣች ይጠይቁኛል፣ መሪጌታ አዛዧ ባል እንዳላት ይጠይቁኛል። ቤታቸው እስክናደርሳቸው ድረስ ሦስት ምዕራፍ ተርኬላቸዋለሁ።

ሁለተኛውን ቀጠሮ የያዙልን አቶ ድንበሩ ናቸው፤ ስንደርስ ነው አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ በዚያው ሰዓት እንደሚጀምር ያወቅነው። ቆማችሁ አትቀሩም ተብለን ተቀመጥን፤ መሪጌታም ጉዳዩን በአጭሩ አነሡ፣ በዚህ ጊዜ አዳምና ሔዋንን ዘለዋቸው። ከዚያ የፊልሙ ዜማ ጀመረና ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። እንዴት ያለ ምዕራፍ ነው እባካችሁ! መርከቢቱ ዞራ ወደዚያው ውሃ ወደተኛበት መሬት ተመለሰች። አቶ ድንበሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና «እሺ! ይሁን! እግዚአብሔር ይባርከው!» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ እናንዬ እልል አሉ። ትርንጎ እየሮጠች ወጥታ እናቷን አቀፈች።

ጌታሰውና ትርንጎ ዛሬ ተጋብተው ይኖራሉ። መሪጌታ ፈንታሁን ያ «እሺ» ለእኛ የተሰጠ መልስ ነው ይላሉ። አያ ሙጬ የለም፣ ለመርከቢቱ አዛዥ ነው ይላሉ። አቶ ድንበሩን ደፍሮ የጠየቀ የለም። እኔ በበኩሌ ሚዜ ሆኜ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ አጅቤያለሁና፣ ለማንም ይሁን ለማን፣ እሺ እሺ ነው።