የጋሽ ቀያሽ ዘመቻ በወርቃማው ብል ላይ

በዘመነ ጡረታቸው በሰባተኛው ዓመት፣ ልጃቸው ልትዳር ስድስት ቀን ሲቀራት፣ ድንበር የማይስቱ፣ መነጽራቸውን ግን ግንባራቸው ላይ ሰክተው የሚፈልጉ ጋሽ ቀያሽ፣ ለሰርጉ ባስቀመጡት ብቸኛ የሱፍ ኮታቸው ላይ ጠላት መነሣቱን ሰሙ። ወእምዝ ታላቅ ቁጣ ተቆጡ።

እርግጥ ወሬው ቀድሞም ደርሷቸው ነበር። እመቤት ባለቤታቸው ከመኝታ ቤት «ብል» እያሉ ሲጣሩ፣ እሳቸው «ብል ምን ልትል ነው?» ብለው የነገሩን መጨረሻ በትዕግሥት ሲጠብቁ ሦስት ክረምት አለፈ።

የጠላትም መልኩ ይህ ነው፤ ከገብስ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ክንፉ ገለባ የመሰለ፣ የክንፉ ዳር ዘርፋም፣ ራሱ ቀይ ጠጉር የለበሰ፣ ብርሃን ሲያይ የሚሸሽ። ግዛቱም ከኮሪደሩ ምንጣፍ እስከ ሳሎኑ መጋረጃ ነበረ።

ቀያሹም ሜትራቸውን ታጥቀው፣ ነጠላ ጫማ ጨብጠው ዘመቱ፤ እመቤቲቱ ከነመጥረጊያቸው፣ የእመቤቲቱ ወንድም ከነወንበራቸው፣ ድመቲቱም ከነእንቅልፏ ተከተሏቸው። አሥራ አንድ ብልና አንድ አምፖል ወደቁ፤ ብል የታየበትም ስፍራ ሁሉ በካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ሰፈረ። ከዚያም እንዲህ ብለው አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጠላት እንዳይገባ ቁም ሣጥኔን በፕላስተር አሽጌአለሁ። እስከ ሰርጉ ጧት የሚከፍት ወዮለት።»

እመቤቲቱም በፈንታቸው አወጁ፦

«የሚበረው አፍ የለው፣ አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው። ኮቱ ይውጣ፣ ፀሐይ ይምታው።»

አዋጃቸው ሰሚ አጣ። ቀይ ነጥቦቹም ቁም ሣጥኑን ከበው ሲታዩ፣ ጋሽ ቀያሽ ጠላት መግቢያ አጥቶ ደጅ ሲጠና አይተው ደስ አላቸው።

ወኮነ በሰርጉ ጧት፣ ፕላስተሩ ሲላጥ ወርቃማው ሠራዊት ከውስጥ ወጣ፤ የኮቱ ጀርባ ወንፊት ሆኖ ነበር። ጋሽ ቀያሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ይህ ጸሐፊ ግን አቧራ ነው ብሎ መዝግቧል።

ሙሽራይቱ ልጃቸው ገብታ አየች። ኮቱን አለበሰቻቸው፣ በትልቁ ቀዳዳ ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ እስከ መጨረሻው ፎቶግራፍ ድረስም አላነሣችውም። እንግዳው ሁሉ የልጅ ፍቅር እንዲህ ነው እያለ አለቀሰ።

እነሆ ጠላትን ከነስንቁ በገዛ እጃቸው ያሸጉ፣ አሥራ አንድ ገድለው ጀርባቸውን የሰጡ ጋሽ ቀያሽ ታላቅ ናቸው፤ ክብራቸውም ልጃቸው በአንድ እጇ ይዛው ውላለችና አልወደቀም።