ዓሪፍ ዘወልድያ የዋንዛውን ግድግዳ ብልጭታ ድል እንደ ነሡ

የባጃጁ ሦስተኛ ጎማ በተቀየረ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ትዳራቸው ከባለቤታቸው ከዙልፋ ጋር በስድስተኛው፣ የረመዳን ጨረቃ ልትታይ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የወልድያ ዳገት የማይበግራቸው፣ ባለ ሦስት እግር ሰረገላ ነጂው ዓሪፍ ያደረጉት ይህ ነው፤ እኔ ጸሐፊውም ጎረቤት ነኝና በመስኮት አይቻለሁ።

የነገሩ መነሻ ክብር ነበረ። ዓሪፍ፣ የዙልፋ እናት ከሞቱ ወዲህ በግራና ከተማ ብቻቸውን የሚያፈጥሩትን አማታቸውን ሼህ አብዱልሐሊምን ሊያከብሩ ብለው፣ በቂብላ፣ ሰጋጅ ፊቱን በሚያዞርበት በኩል፣ በዋንዛ ጣውላ የተለበጠውን የቤታቸውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፤ ግድግዳውም ፊት የሚያሳይ ሆነ። ሼሁ በመጡ ዕለት የቀትሩን ሶላት ዙህርን ሊሰግዱ ቢቆሙ፣ ሲያጎነብሱ ከጣውላው ውስጥ አንድ ጥምጣም አብሯቸው አጎነበሰ፣ ሲነሡም ተነሣ። ወይዘሮ ዙልፋ ፈጥነው መጋረጃ ቢጋርዱበት፣ መጋረጃው በሰጋጅ ፊት የማይሆን የጣዎስ ሥዕል ነበረበትና ነገሩን አባሰው። ሼሁም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አላህ ፊት ስቆም ሌላ ሽማግሌ አብሮኝ ይቆማል። ስንት ረከዓ እንደ ሰገድሁ ጠፋኝ። የከሰዓቱን ሶላት ዐስርን ልሞክር፤ ካልሆነልኝ ወደ ግራና እመለሳለሁ።»

ወይዘሮ ዙልፋ ጓዳ ገብተው አለቀሱ፤ አባታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሊያስፈጥሩ ስድስት ረመዳን ጠብቀዋልና። ዓሪፍም እንባቸውን ባዩ ጊዜ እጅጌያቸውን ሰብስበው የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ታጥቀው ተነሡ። የተከተላቸው ሠራዊትም አንድ ባልዲ የሳሙና ውሃ፣ ሁለት አሮጌ ካናቴራ፣ ደግሞም ለጎረቤታቸው ቂብላ ሲሉ ከቀትር እንቅልፋቸው የተነሡት አረጋዊው አናጢ አቶ ወልደገሪማ ነበሩ። እርሳቸውም ሽቦውን ቀምተው፣ ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት ሰጥተው አወጁ፦

«ሽቦ ይቧጭረዋል። ይህን በሳሙና ውሃ እያራስህ፣ ሳትጫን፣ በእንጨቱ መስመር ብቻ ሂድ። ክብ ያዞርህ እንደሆን እኔ የለሁበትም።»

ወእምዝ ዓሪፍ ፈተጉ፣ አበሱ፣ ዳግመኛም ፈተጉ፣ ነጩ አረፋም እስከ ክርናቸው ደረሰ። መጀመሪያ በግድግዳው ላይ የሚታየው የአምፖሉ መልክ ጠፋ፣ ቀጥሎ የአቶ ወልደገሪማ ባርኔጣ ጠፋ፣ በመጨረሻም የዓሪፍ የፈገግታ ጥርስ ብቻ ቀረ፤ እርሱንም ራሳቸው ያለ ርኅራኄ አጠፉት። እኔም በመስኮቱ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ።

የዐስር አዛን ሲሰማ ጣውላው ደርቆ ነበር። ሼሁ ሻንጣቸውን በር ላይ አኑረው ለሶላት ቆሙ። አራቱን ረከዓ አንዳች ሳይሳሳቱ ፈጸሙ፣ ካሰላመቱም በኋላ ጣውላውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያም ሦስተኛውና ታላቁ አዋጅ ወጣ፦

«ዙልፋ፣ መስገጃዬን አታንሺው። እስከ ዒድ እዚሁ ነኝ።»

ስለዚህ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለ ሁሉ ይስማ፤ ዓሪፍ፣ መዓርገ ልስልስ፣ ጌታ ዘብርጭቆ ወረቀት፣ ግድግዳውን አደብዝዘው የሚስታቸውን ፊት አበሩ።