በቤት ቁጥር 217 የሚኖሩት

በየትኛውም ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይቀየራል፣ ጣሪያ ይገነጠላል፣ አጥር ይፈርሳል፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ካላመናችሁ ልጅ ለማስመዝገብ ሞክሩ። እኛ ደብረ ታቦር ያለን ሹም፣ በቅጽል «ክቡር ሊቀ ማኅተም» የምንላቸው፣ ጋሽ ይርጋ ይባላሉ።

ጋሽ ይርጋ የሚያምኑት ወረቀት ነው። «ወረቀት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይላሉ። አንድ አባት ከጋፋት በእግሩ መጥቶ ልጁን ፊታቸው ቢያቆም፣ «ልጁስ መጥቷል፤ መሸኛው የታለ?» አሉት። መሸኛውን ሲያመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል ብለው መለሱት። ሱፐርቫይዘሩን እንኳ ብዕር ሲዋሳቸው አስፈርመውታል። እኔ መምህሩ የጠፋብኝን የተማሪዎቼን የውጤት ማጠቃለያ ሮስተር ብጠይቃቸው «ማመልከቻ ይዘህ ና» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ፤ ቀን የለውም ተባልኩ።

ምሳቸውን ብቻቸውን ይበላሉ። ሻይ እንጠጣ ብሎ የሚደፍራቸው የለም፤ እኔም ከሚሸሿቸው አንዱ ነበርኩ።

ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ሰላማዊት ሦስት ቀን ቀረች። የክልላዊ ፈተናው ቅጽ የሚፈረመው በማግስቱ ነበር፤ ያልፈረመ አይፈተንም። ጎበዝ ልጅ ናት። የቤት ቁጥሯን፣ 217፣ ከክፍል መዝገቤ ገልብጬ ፍለጋ ወጣሁ።

በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው።

«ሰላማዊት እዚህ ነው የምትኖር?» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

ወዲያ ወዲህ አዩና «ግባ» አሉኝ።

አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልጃቸው ገነት ጅዳ ናት። ወንበሩን ለእኔ ሰጥተው ቆሙ።

«ከእናቷ ጋር ድርቅ ከእብናት ነድቶ አመጣቸው» አሉ። «ያሉት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መቃብር ቤት ውስጥ ነው። መቃብር ቤት ቁጥር የለው። ቅጹ ደግሞ ቁጥር ይላል። ቤት የለሽም ብዬ ልመልሳት? መማር መብቷ አይዶለም?»

«ስለዚህ የራስዎን ጻፉላት?»

«እሷን ብቻ መሰለህ? ዘጠኝ ናቸው።»

ሊቀ ማኅተም ዘጠኝ ጊዜ በወረቀት ዋሽተዋል! ልስቅ ብዬ ነበር፤ ቤቱ ጭር ማለቱ ከለከለኝ። አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ ቤትዎ የት ነው ብያቸው አላውቅም። አፈርኩ።

አብረን መቃብር ቤቱ ሄድን። ሰላማዊት የቀረችው እናቷን እያስታመመች ነበር። አንዲት ጎረቤት በሽተኛዋን ልጠብቅ አለች፤ ልጅቱም በማግስቱ መጥታ ቅጹን ተቀበለች። አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይኸ ቤት ቁጥር 217 የት ነው? ፈታኙ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

በወረቀት ሁለት ዓመት የኖረችበትን ቤት አይታው አታውቅም። ጋሽ ይርጋ የመፈረሚያውን ቦታ በጣታቸው አሳዩዋት። ካስፈረሟት በኋላ፣ ከመንግሥት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ሰርቀው የማያውቁት ሰው በጠራራ ፀሐይ ቢሮውን ቆለፉ።

«መምህር፣ የቀሩትን ስምንቱንም ከየክፍሉ ጥራልኝ» አሉኝ።

ዘጠኙን ልጆች አስከትለው ወደ ቤታቸው በገበያው መሐል ሲያልፉ ባጃጆች ቆመው አሳለፏቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አንዲት ባለሱቅ ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ይርጋ፣ የማን ልጆች ናቸው?» ብላ ጮኸች።

ዞር ሳይሉ፣ «የቤቴ ናቸው» አሉ።