ሊቀ ትንፋሽ

በየቤተሰቡ አንድ ነገር ሰምቶ ዓለምን በሙሉ በዚያው የሚተረጉም ሰው አይጠፋም። ለሌላው ቤት ስለ ውሃ መጠጣት ወይም ስለ ቶሎ መተኛት የሚሰብክ ይደርሰዋል። ለእኛ የደረሰን የትንፋሽ ሰባኪ ነው።

ክቡር የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ በሌሉበት ሊቀ ትንፋሽ የምንላቸው፣ የአይጦች አተነፋፈስና የአንጎል ሞገድ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ናቸው። ቀኑን ከአይጥ ጋር ውለው ማታ እኛን ሊመረምሩ ይመጣሉ። አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር ቁምሳጥኑ የት ይቁም ብለን ስንነታረክ ደረሱ። ነገሩ ምንድን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም። ደረታችንን ተራ በተራ አይተው፣ በአፍንጫዋ የምትተነፍሰው እሷ ስለሆነች ለእሷ ፈረዱላት። ቁምሳጥኑ እስከ ዛሬ መስኮቱን ጋርዶ ቆሟል።

ሌላ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። እሳቸው ከጎኔ ሆነው፣ ቁጣው የመጣው ከትንፋሹ ማጠር እንደሆነ ለፖሊሱ በትሕትና አስረዱት። «ይህንን አይጥ እንኳ ታውቀዋለች» ሲሉት መንጃ ፈቃዴን ይዞብኝ ሄደ።

ትምህርታቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስንት ምሳ ቀዝቅዞብኛል። አይጥ አዲስ ነገር ስታሸት ትንፋሿ ይፈጥናል። ስትፈራ ደግሞ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች፤ ያኔ ትንፋሿ ወጥ ይሆናል፣ አንጎሏም ውስጥ ሞገዱ ያንኑ ምት ይከተላል። ስለዚህ ዝም ያለ ሁሉ ተረጋግቷል ብላችሁ እንዳትሸወዱ ይሉናል። እሳቸው እዚህ ጋ ሲደርሱ ለእኔ ሁልጊዜ ስልክ ይደወልልኛል።

ባለፈው ወር አማቴ ለልብ ቀዶ ጥገና ገቡ። ሐኪሙ ዕድሜያቸው እንደሚያሰጋው አልደበቀንም። ልጃቸው ሊቀ ትንፋሽ ኮሪደሩ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወው፤ የዚያን ቀን እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ለማንም ምክር አልሰጠም። የመጣው ዘመድ ሁሉ እንዴት ያለ ልበ ሙሉ ነው እያለ አለፈ።

እኔ ግን ደረቱን አየሁት። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ምንም ሳይዛነፍ። ዓይኑ ከተዘጋው በር አይነቀልም። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያቺ አይጥ ስትፈራ ምን ትሆናለች ነበር ያልከኝ?»

ትንሽ አየኝና ጀመረ። ከአይጧ ጎጆ ተነስቶ ወደ አፍንጫዋ፣ ከአፍንጫዋ ወደ አንጎሏ ሄደ። እንዳያቆምብኝ የማውቀውን ሁሉ እንደማያውቅ ሆኜ ጠየቅኩት። መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ በረጅሙ ተነፈሰና ቀጠለ። ስልኬ እውነትም ሲጠራ ዘጋሁት።

በመጨረሻ ነርሷ በሩን ከፍታ፣ ቀዶ ጥገናው በደህና እንዳለቀና እናታችን እንደነቁ ነገረችን። እሱ ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ይኸው፣ አለፈ» አለኝ። «ደርቀህ ስትቀርብኝ እኮ ነው እንደዚያ የለፈለፍኩት። ትንፋሽህን አይቼ ደንግጬ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ በአንተ ነው የተረጋጋሁት» አልኩት። እሱን ደስ እንዲለው ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ተናግሬ ስጨርስ ግን እውነቴን ነበር።