ጋሽ ካሳይና ሰንበር የበዛበት ፊልም

በአዲስ አበባ ውሃ የማይወጣበት ኮንዶሚኒየም አለ፣ መብራት የሚቆራረጥበትም ሞልቷል፤ ሁሉን አዋቂ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም። ቁልፍ ስትረከቡ እሱ ቀድሟችሁ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ቧንቧ ቢያፈስ፣ ልጅ ቢያተኩሰው፣ መኪና አልነሳ ቢል፣ ምክንያቱን ያውቀዋል። መፍትሔውን ግን አትጠይቁት፤ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

በጎተራ ኮንዶሚኒየም በአንዱ ብሎክ ይህን ማዕረግ የያዙት ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ካሳይ ናቸው፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በጡረታ የወጡ። «ነገሩ ግልጽ ነው» ካሉ በቃ፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ ግልጽ ሆኖ አያውቅም። የጎረቤታቸው የኢብሳ ቪትዝ መኪና አልነሳ ያለች ለት «ነገሩ ግልጽ ነው፣ ካንዴላ ነው!» ብለው ሙሉውን ካንዴላ አስፈቱት። ያለቀው ነዳጅ ነበር። ጋሽ ካሳይ ታዲያ ይደነግጣሉ? «ካንዴላው ደህና ቢሆን ነዳጁ እንዲህ ቶሎ ያልቅ ነበር?» አሉና አረፉት።

ብሎኩ ሁሉ ይስቅባቸዋል። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ፍሬሰላም ግን አትስቅም። እሷ ትፈራቸዋለች።

ፍሬሰላም የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ካዛንቺስ ሳሉም አንድ ግቢ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ፍሬሰላምን ከእናቷ ከእጸገነት ጋር፣ ጋሽ ካሳይን ደግሞ ከነዕውቀታቸው፣ ዕጣ እዚሁ አንድ ፎቅ ላይ ጣላቸው። እናቷ አዲሱን ቤት ሳትለምደው ሞተች። በስልክ ፎቶ ሲያነሷት ፊቷን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ከካዛንቺስ የወጡ ለት ግን ፍሬሰላም፣ እናቷ ሳታያት፣ ከግቢው በር ላይ፣ በአሮጌ ካሜራዋ በጥቁርና ነጭ ፊልም አንስታታለች። ሌላ የመጨረሻ ፎቶ የለም።

ፊልሙ እስካሁን አልታጠበም። ድሮ የሚያጥብላት ፎቶ ቤት ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ፤ እሷም እቤቷ ማጠብ ጀመረች። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ፊልሙ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ጣሳ ይታሸጋል፣ ኬሚካሉ ይፈስበታል፣ ከዚያ ጣሳውን በየጊዜው ገልበጥ መለስ እያደረጉ መጠበቅ ነው። የምታጥበው የሙከራ ፊልም ሁሉ ግን ሰንበር ያወጣል። ከጠርዙ ቀዳዳዎች የተነሳ መስመር በሰው ፊት ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰማዩ አንዱ ጋ ይጠቁራል፣ ሌላው ጋ ይነጣል። በእናቷ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢወርድስ? ይህን ስታስብ የእናቷን ፊልም መልሳ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ሙት ዓመቱ ደግሞ ደርሷል። እህቷ ልደት በደወለች ቁጥር «ፎቶውን አሳድገን እንስቀለው እንጂ! ማለቴ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» ትላታለች። ምን ትጠብቃለች፣ ፈርታ ነው እንጂ!

ጋሽ ካሳይ ነገሩን ሲሰሙ ምርመራ ጀመሩ። «ጓለይ፣» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው በአገራቸው ቋንቋ፤ «ነገሩ ግልጽ ነው። የጀሪካን ውሃ ነው!» የታሸገ ውሃ ገዛች፤ ሰንበሩ እንዳለ ነው። «እንግዲያው ሙቀቱ ነው።» በቴርሞሜትር ለካች፤ ወይ ፍንክች። «አሃ! ሕንፃው ዘሟላ! ኬሚካሉ ወደ መንገድ ማሳለጫው በኩል እያደላ ነው።» ከጣሳው ሥር ካርቶን አጥፋ ሸጎጠች። የኬሚስትሪ መምህርት እኮ ናት! የፈራ ሰው ምን የማያደርገው አለ?

ከዚያ ጋሽ ካሳይ ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ መቀሌ ሄዱ። በሌሉበት ያጠበችው ፊልም ጥርት ብሎ ወጣ። ሲመለሱ ሌላ አጠበች፤ ሰንበር። ኔጋቲቩን ይዛ መስኮቱ ጋ እንደቆመች ቀስ እያለ ገባት።

ጋሽ ካሳይ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰሙ መጥተው ያንኳኳሉ። እሷም እናቷ እንዳሳደገቻት ጣሳውን አስቀምጣ ብድግ ትላለች፣ በሁለት እጇ ትጨብጣለች፣ ትከሻ ትስማለች። ከዚያ እንዴት አደርሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ልደት ደህና ናት፣ ልጆቿስ፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ። ሰላምታን ደግሞ ሥራ ማቆም ብሎ የሚቆጥር ሰው የለም፤ ፍሬሰላምም ቆጥራው አታውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ጣሳው ሳይገለበጥ ይቆማል፤ ያልተነቃነቀው ኬሚካል በፊልሙ ላይ እየወረደ መስመር ይሠራል። በሽታው ተገኘ። በሽታው ጋሽ ካሳይ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ለሽማግሌ እንዴት ይነገራል? «ሰላምታዎ ፊልሜን እያበላሸው ነው» ይባላል? በር ቆልፎ ዝም ማለትም ተሞክሯል። ያኔ «ነገሩ ግልጽ ነው፣ ልጅቷ ወድቃለች!» ብለው ብሎኩን ሰብስበው፣ ኢብሳ በሩን በትከሻው ሊገነጥለው ሲል ነው የከፈተችው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ካሳይ ስታዲየም አካባቢ ወደሚደረገው የድሮ ሰፈራቸው ዕድር ስብሰባ ሲወጡ በመስኮት አየቻቸው። አሁን ካልሆነ መቼ! መታጠቢያ ቤቱን አጨልማ የእናቷን ፊልም ጣሳ ውስጥ አሸገች። መብራቱን አብርታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና ኬሚካሉን አፈሰሰች። ከዚህ በኋላ መመለስ የለም። ገልበጥ፣ መለስ።

በሩ ተንኳኳ።

ክው አለች።

«ጓለይ! ስብሰባው ነገ ነው አሉ! ቀኑን የተሳሳቱት እነሱ ናቸው!»

በሩን እንዳልቆለፈችው ያኔ ትዝ አላት። ገቡ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ደረሱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በጆሮዋ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ «የያዝሽውን አስቀምጪና ሰላም በይ!» ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ቃል ነው። ሳታስበው ጣሳው ወደ ወለሉ ዝቅ አለ። ጣሳው ውስጥ ያለችው ግን ያችው እናቷ ናት።

አላስቀመጠችም። አልተነሳችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቋን ቁጭ ብላ፣ በአገጯ ሰላም አለች።

«ጋሽ ካሳይ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እማዬን ይዣለሁ» አለች።

ጋሽ ካሳይ የተዘረጋ እጃቸውን አዩት፣ ጣሳውን አዩት። ተቀየሙ ብላ በፍርሃት አለቀች። እሳቸው ግን የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ ደፍተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ሰላምታቸውን እንደ ወትሮው ጀመሩ።

«እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ገልበጥ።

«ልደት ደህና ናት?»

«ደህና ናት።» መለስ።

«ልጆቿስ?»

ገልበጥ። የጋሽ ካሳይ ሰላምታ የማይቸኩልና የማያልቅ በመሆኑ ፈጣሪዋን ያመሰገነችው ያን ቀን ብቻ ነው። ዘመድ ሲያልቅባቸው ስለ ኢብሳ ቪትዝ ጤንነት ጠየቁ።

ፊልሙ ታጥቦ መስኮቱ ጋ ሲሰቀል አንድም ሰንበር አልነበረበትም። ፍሬሰላም በስልኳ አነሳችውና ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር መለሰችው። እናቷ የካዛንቺሱ በር ላይ ቆማለች፤ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ብርጭቆዎች በሁለት እጇ ታቅፋለች። ጋሽ ካሳይ ፊት ለፊቷ እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ ብለዋል። እሷም አላስቀመጠችም! ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች።

ፍሬሰላም አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። «ምን ብለዋት ነው እንዲህ የሳቀችው?»

ጋሽ ካሳይ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። «ነገሩ ግልጽ ነው» እስኪሉ ጠበቀች።

«አላውቅም» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። «ረሳሁት፣ ጓለይ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍሬሰላም ሌላ ፊልም ጣሳ ውስጥ አሽጋ፣ ኬሚካሉን አዘጋጅታ፣ ሳታፈሰው ቁጭ አለች። ጋሽ ካሳይ ዘገዩ። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም። ያ የለመደችው ፍርሃት መጣባት፤ አሁን ግን ስለ ፊልሙ አይደለም። ወድቀው ቢሆንስ? ኢብሳን ልትጠራ ብድግ ስትል በሩ ተንኳኳ።

«ክፍት ነው፣ ጋሽ ካሳይ!» አለች፣ ለእሳቸው የገዛችውን ዱካ ወደ ዱካዋ እያስጠጋች።